‹‹ሰጡት›› ወይስ ‹‹ሸጡት››? የጆሮ ማዳመጫን ድምፅ ለገዢ እንዴት እንንገር?

‹‹ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያረጋግጡ ወሬ›› ይላሉ አበው፡፡ እኔ ግን በገዛ ጆሮዬ አረጋግጬ ያወራሁት ወሬ ሰው አሳስቶብኛል፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡

ደብረ ታቦር የሚኖር የእህቴ ልጅ አለኝ፡፡ ለሁለተኛ ዲግሪው ማሟያ የላይ ጋይንትን ገጠሮች እየዞረ ስለ ጥንቱ የመሬት ሥሪት አዛውንቶችን ያነጋግራል፡፡ የሚነግሩትን በስልኩ ይቀዳና ማታ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል፡፡ አንድ ቀን ደወለልኝ፡፡

‹‹አጎቴ፣ ደህና ሄድፎን ልገዛ ነው፡፡ እርስዎ ሙዚቃ አዋቂ ነዎትና የትኛው ይሻለኛል?››

‹‹እኔ የያዝኩትን ግዛ›› አልኩት ሳላቅማማ፡፡ ‹‹በጣም አሪፍ ነው፡፡ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ቤዙማ ይደልቃል!››

ልጁ የሁለት ወር ቁጠባውን ይዞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር ወረደና ገዛው፡፡ በሳምንቱ መልሶ ደወለ፡፡ ድምፁ የምስጋና አልመስልህ አለኝ፡፡

‹‹ዘፈኑን እንደ ጉድ ያስመታዋል፡፡ አዛውንቱ ግን ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት፡፡ ‹መሬቱን ለደብሩ ሰጡት› ይበሉ ‹ሸጡት› ይበሉ፣ አሥር ጊዜ መልሼ ብሰማው አልለይ አለኝ፡፡››

ስለ መሬት በሚጻፍ ጥናት ውስጥ ‹‹ሰጡት›› እና ‹‹ሸጡት›› የአንድ ፊደል ልዩነት አይደለም፡፡ አንዱ ስጦታ፣ ሌላው ገበያ ነው፡፡ ደግነቱ ልጁ ከስልኩ ጋር የመጣውን አሮጌ ኤርፎን ሰክቶ ሲሞክረው ‹‹ሰጡት›› የሚለው ቃል ቁልጭ ብሎ ተሰማው፡፡ እንግዲህ ጥፋቱ የቅጂው አልነበረም ማለት ነው፡፡ አዲሱ ሄድፎን ደግሞ እንዳይመለስ፣ ሁላችንም የምናውቃት ማስታወቂያ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች፤ ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም››፡፡

ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ጥፋቱ የሻጩም የዕቃውም ሆኖ አላገኘሁትም፡፡ ያ ሄድፎን እኔ ለምጠቀምበት ጉዳይ፣ ማለትም አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ዘፈን ለመስማት፣ ዛሬም ጥሩ ነው፡፡ ጥፋቱ የእኔ አነጋገር ነበር፡፡ ‹‹አሪፍ›› አልኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም፡፡ ‹‹ጥርት ያለ›› አልኩ፤ ከምን ጋር አስተያይቼ እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፡፡ ‹‹ቤዙ ይደልቃል›› አልኩ፤ ይህቺ እንኳ እውነት ነበረች፡፡ ይሁንና ለእኔ ምስጋና የሆነችው ቃል ለእሱ ማስጠንቀቂያ መሆን ነበረባት፡፡

ጉዳዩን ክብደት የሚሰጠው የገበያችን ሁኔታ ነው፡፡ ጫማ ሲገዙ እግርዎን ያስገባሉ፤ ሸሚዝ ሲገዙ ይለካሉ፡፡ የጆሮ ማዳመጫ ግን ብዙውን ጊዜ በታሸገ ካርቶን ይሸጣል፤ ካርቶኑ ከተከፈተ ደግሞ ዕቃው የእርስዎ ነው፡፡ ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት በእጁ ያለው መሞከሪያ አንድ ብቻ ነው፡- የሰማ ሰው ቃል፡፡ ያ ቃል ባዶ ከሆነ ገዢው በጨለማ ነው የሚገዛው፡፡

‹‹ካርቶኑ ላይ የተጻፈው መረጃስ?›› የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ አብዛኛው ካርቶን ላይ ‹‹ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ›› የሚል ጽሑፍ አለ፡፡ ይህ ጤነኛ የወጣት ጆሮ ይሰማዋል ተብሎ የሚታሰበው የድምፅ ስፋት ነው፡፡ ዕቃው እነዚህን ድምፆች ያወጣል ማለት ግን የትኛውን ከፍ፣ የትኛውን ዝቅ አድርጎ እንደሚያወጣ አይናገርም፡፡ ሁሉም ዘማሪ መጥቷል እንደማለት ነው፤ ማን እንደጮኸና ማን እንዳንሾካሾከ አይነግረንም፡፡ የሁለት ማዳመጫዎች ልዩነት ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው፡፡

ዋጋም ቢሆን አስተማማኝ ምስክር አይደለም፡፡ ጄሩን ብሬባርት የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት 283 የጆሮ ማዳመጫዎች እያንዳንዱን የድምፅ እርከን ምን ያህል ከፍና ዝቅ አድርገው እንደሚያወጡ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አስተያይተው፣ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ግንኙነት አላገኙም፡፡ ውድ ዕቃ የተሻለ መገጣጠሚያ፣ የተሻለ ቆዳና የተሻለ ስም ሊኖረው ይችላል፡፡ ‹‹ሰጡት››ን ከ‹‹ሸጡት›› ስለመለየቱ ግን ዋጋው ዋስ አይሆንም፡፡

ታዲያ ስለ ድምፅ እንዴት ነው የሚነገረው? መልሱን ያገኘሁት እዚያው ወንዛዬ ዘንድ፣ ደብረ ታቦር ነው፡፡

ባለፈው ነሐሴ 13 የከተማዋ ስም በሆነው በዓል ላይ አገሬ ገብቼ ነበር፡፡ ሌሊቱን ከእህቴ ልጅ ጋር በደብረ ታቦር ኢየሱስ ቅጽር ግቢ ቆመን ማኅሌቱን አዳመጥን፡፡ ለበዓሉ የሰነበተው ብርድ ጉና ተራራን የሚያስታውስ ነበር፡፡ ከበሮው ሲመታ ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

‹‹ይሰማዎታል አጎቴ? ሰፊው የከበሮው ፊት ሌላ ነው፣ ጠባቡ ፊት ሌላ ነው፡፡ ያ ሄድፎን ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል›› አለኝ፡፡

እኔ በወራት ውስጥ ያልተናገርኩትን እሱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገረው፡፡ ‹‹ጥሩ›› ወይም ‹‹መጥፎ›› የምትል ቃል አልተጠቀመም፡፡ የተጠቀመው ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር ነው፤ ያም ነገር በማዳመጫው ውስጥ ምን እንደሚሆን ነገረኝ፡፡ ይኸው ነው ምስጢሩ፡፡

ነገሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፡፡ የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተልሔም የምትገኘው እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ነው፡፡ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነው ዙር አባም ከዚያው ከደቡብ ጎንደር አይወጣም፡፡ የዜማ መምህራን ተማሪውን ሲያርሙ ‹‹አላማረም›› ብለው አይተዉትም፡፡ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሠሩ የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች ስማቸው ራሱ ገላጭ ነው፡- ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ፡፡ ‹‹ድፋት›› ሲባል ድምፁ ይደፋል፤ ‹‹ቁርጥ›› ሲባል ይቆረጣል፤ ‹‹ደረት›› ሲባል ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ይታወቃል፡፡ ከእነዚህ ቃላት አንዱም የናጋሪውን ደስታ አይገልጽም፡፡ ሁሉም ድምፁ የሚያደርገውን ነው የሚናገሩት፡፡ እኛ ግን ስለ ሄድፎን ስናወራ የምናወራው ስለ ራሳችን ደስታ ነው፡፡

እንግዲህ ከዚያ ሌሊት በኋላ እኔና ልጁ ማኅሌቱን ራሱን መለኪያ አደረግነው፡፡ አንባቢም በስልኩ የማኅሌት ቅጂ ካለው ሊሞክረው ይችላል፡፡ ሦስቱም የድምፅ እርከኖች በአንድ ላይ ይገኙበታልና፡፡

አንደኛው የታችኛው እርከን፣ በተለምዶ ቤዝ የምንለው ነው፡፡ በግርድፉ ከ250 ኸርዝ በታች ያለው ሲሆን መለኪያው ከበሮ ነው፡፡ ጥያቄው ‹‹ቤዝ አለው ወይ?›› መሆን የለበትም፡፡ ‹‹ሰፊውና ጠባቡ ፊት ይለያሉ ወይ? አንዱ ምት አልቆ ሌላው ሳይጀምር ክፍተት አለ ወይ?›› ተብሎ ይጠየቅ፡፡ ቤዙ ያበጠ ማዳመጫ ምቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ አልፎ ተርፎም በላያቸው ያለውን የሰው ድምፅ ይሸፍናል፡፡ ቤዝ የጎደለው ደግሞ ከበሮውን ካርቶን ያስመስለዋል፡፡ በገና የሚወዱ ሰዎች የዓለሙ አጋን ቅጂ ይውሰዱ፡፡ የበገና ወፍራም ድምፅ ከሥር ይመጣል፤ ከጅማቱ ሥር ያለው ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረት ደግሞ ከላይ ይሰማል፡፡ ደህና ማዳመጫ ሁለቱንም ያሰማል፤ ቤዝ ብቻ የሚወድ ማዳመጫ ንዝረቱን ይውጠዋል፡፡

ሁለተኛው የመካከለኛው እርከን ነው፡፡ ከ250 እስከ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ይህ ክፍል የሰው ድምፅ ዋና ቤት ነው፡፡ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትም በአብዛኛው እዚሁ ናቸው፡፡ እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ‹‹ዘፋኙ የት ነው የቆመው?›› ተብሎ ነው፡፡ ከመሣሪያዎቹ ፊት ነው? መካከላቸው ነው? ወይስ ከኋላቸው? የአስናቀች ወርቁን ክራር ስንሰማ ድምጿና ክራሯ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይገባል፡፡ ድምጿ ከጓዳ የሚመጣ ከመሰለ የመካከለኛው እርከን ወደ ኋላ ተገፍቷል ማለት ነው፡፡ በአፍንጫዋ የምትዘፍን ከመሰለ ደግሞ ከልክ በላይ ወጥቷል፡፡

ሦስተኛው የላይኛው እርከን ነው፡፡ መለኪያው ጸናጽል ነው፡፡ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ሲንሿሹ ይሰማል ወይስ አንድ ላይ ‹‹ሽሽሽ›› ይላል? ወይስ ጆሮ ይበሳል? ‹‹ሰ›› እና ‹‹ሸ›› የሚለዩትም እዚሁ አካባቢ ነው፡፡ በግርድፉ የ‹‹ሸ›› ጉልበት ከ2,000 እና 3,000 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል፤ የ‹‹ሰ›› ግን ከ4,000 እና 5,000 በላይ ነው፡፡ የላይኛውን እርከን የሚያዳፍን ማዳመጫ ‹‹ሰ››ን ከሥር ይቆርጣታል፤ የቀረችው ቁራጭ ወደ ‹‹ሸ›› ትጠጋለች፡፡ በድሮው የስልክ መስመር ስማችንን ስናስጽፍ የሚምታታብን ለዚሁ ነበር፤ መስመሩ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነውና፡፡ ምስኪኑ የእህቴ ልጅ በአዲስ ሄድፎን የድሮ ስልክ ነበር የገዛው ማለት ይቻላል፡፡

ከሦስቱ እርከኖች ሌላ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም ፍጥነት ነው፡፡ ለዚህ ከቡሄ ጅራፍ የተሻለ መለኪያ አላውቅም፡፡ በደብረ ታቦር ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ ድምፁ በአንድ ቅጽበት መጥቶ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል፤ የሚቀረው የተራራው ገደል ማሚቶ ነው፡፡ በጥሩ ማዳመጫ ጅራፉ ‹‹ጧ›› ይልና ይቆረጣል፡፡ በደካማው ‹‹ዷ›› ይልና ይንዘላዘላል፡፡ የክራርን ምት፣ የጭብጨባንና የዱላን ድምፅም በዚሁ መመዘን ይቻላል፡፡

ይህን ሁሉ የሚናገር ሰው ግን ሁኔታውን ካልጨመረበት አሁንም ሊያሳስት ይችላል፡፡ ቢያንስ አራት ነገሮች መነገር አለባቸው፡፡

መጀመሪያ፣ ከምን ጋር እንደተወዳደረ ይነገር፡፡ ‹‹ብሩህ ነው›› ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም፡፡ ‹‹ከስልኬ ጋር ከመጣው ኤርፎን ይልቅ ጸናጽሉ ጎልቶ ይሰማል›› ማለት ግን ትርጉም አለው፡፡ አድማጩ ያንን ኤርፎን ያውቀዋልና፡፡

ሁለተኛ፣ በጆሮ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ይነገር፡፡ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ጎማው በትክክል ካልገጠመ ቤዙ ያመልጣል፤ ሰውየው ‹‹ቤዝ የለውም›› ብሎ ሲያማ የሚያማው የራሱን ጆሮ ሊሆን ይችላል፡፡ ጆሮን በሚሸፍነው ሄድፎን ላይም የመነጽር ዘንግ፣ ሻሽ ወይም ወፍራም ፀጉር በሚፈጥረው ክፍተት ቤዝ ይወጣል፡፡ እኔ መነጽር አላደርግም፤ የእህቴ ልጅ ያደርጋል፡፡ ይህችንም አልነገርኩትም ነበር፡፡

ሦስተኛ፣ ድምፁ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተሰማ ይነገር፡፡ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካዊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮአችን ቤዝን ከሌላው ይበልጥ እያሳነሰ ይሰማዋል፡፡ ስለዚህ በታክሲ ጫጫታ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሰማ ሰው እና በደብረ ታቦር ሌሊት ጸጥታ ዝቅ አድርጎ የሰማ ሰው አንዱን ዕቃ ሁለት አድርገው ቢያወሩ አይገርምም፡፡ ሁለት ማዳመጫ ስናወዳድርም ድምፃቸውን እኩል ማድረግ ግድ ነው፤ ከፍ ያለው ምንጊዜም የተሻለ ይመስላልና፡፡

አራተኛ፣ ከምን ጋር እንደተሰካ ይነገር፡፡ ከ16 እስከ 32 ኦም የሆኑ ማዳመጫዎች ከስልክ ጋር በቀላሉ ይስማማሉ፡፡ 250 እና 300 ኦም የሆኑት የስቱዲዮ ዕቃዎች ግን ስልክ ላይ ብዙውን ጊዜ ድምፃቸው ይደክማል፤ ማጉያ ይፈልጋሉ፡፡ ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የቆሙ ያህል ቢያሰማም፣ የእርስዎን ዘፈን ለጎረቤት፣ የጎረቤትን ጫጫታ ለእርስዎ ያካፍላል፡፡ ቢሮና ታክሲ ውስጥ ጀርባው የተዘጋው ይመረጣል፡፡

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ለእህቴ ልጅ ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ጻፍኩት፡፡ እነሆ፡-

‹‹ይህ ሄድፎን ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው የተዘጋ ነው፡፡ እኔ የምሰማበት በስልክ፣ በታክሲ ውስጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ በአብዛኛው ዘፈን ነው፡፡ ከስልኬ ጋር ከመጣው ኤርፎን ጋር ሲነጻጸር ከበሮው በጣም ቀርቦ ይሰማል፤ ሰፊና ጠባቡ ፊት ግን አይለዩም፡፡ ዘፋኙ ከመሣሪያዎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ቆሟል፡፡ ጸናጽል ይለሰልሳል፤ ጆሮ አይበሳም፣ ግን አንድ በአንድ አይቆጠርም፡፡ ለሁለት ሰዓት ባደርገው አያደክመኝም፡፡ በመነጽር አልሞከርኩትም፡፡ ጫጫታ ውስጥ ዘፈን ለሚሰማ እመክራለሁ፤ የሰው ንግግር ቃል በቃል ለሚጽፍ ግን አልመክርም፡፡››

አንባቢ ልብ ይበልልኝ፡፡ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዕቃው ክብር አልተነካም፤ ሻጩም አልተከሰሰም፡፡ ለአንዱ ‹‹ግዛ›› ያለው ቃል ለሌላው ‹‹ተው›› ብሏል፡፡ ያኔ ይህን ብዬው ቢሆን ኖሮ ልጁ ባሕር ዳር ድረስ ባልወረደ ነበር፡፡

ገዢ የሆኑ አንባቢያንም ሰው ‹‹አሪፍ ነው›› ሲላቸው ዝም ብለው ኪሳቸውን ከመፈተሽ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፡- ‹‹ምን እየሰማህበት? ከየትኛው ጋር አወዳድረህ? ምኑን ሳትወደው ቀረህ?›› የመጨረሻዋ ጥያቄ ጠቃሚ ናት፡፡ ስለ ዕቃው አንድም እንከን መናገር የማይችል ሰው ወይ በደንብ አልሰማውም፣ ወይ ዕቃው የእሱ ስለሆነ ይከላከልለታል፡፡ የመሞከር ዕድል ከተገኘ ደግሞ ሻጩ የሚያጫውተውን ዘፈን ሳይሆን ከሁሉ በላይ የሚያውቁትን የራስዎን ቅጂ ያጫውቱ፡፡ ቃል የቱንም ያህል ቢሠምር ጆሮን አይተካም፡፡

ስለ ጆሮ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ጣሪያ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፡፡ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ ይሆናል፡፡ ‹‹ሰ››ን ከ‹‹ሸ›› የሚለየው የላይኛው እርከን በጩኸት ብዛት ቀድሞ የሚጎዳው የጆሮ ክፍል ድርሻ ነው፡፡ እሱ ከተጎዳ በኋላ የትኛውም ሄድፎን አይመልሰውም፡፡

የእህቴ ልጅ ሥራውን የጨረሰው በዚያው በአሮጌው ኤርፎን ነው፡፡ ሄድፎኑን ታክሲ ለሚነዳ ጓደኛው ሸጠለት፡፡ ስንት አተረፍክ ብዬ ስጠይቀው፣

‹‹ከስሬ ነው የሸጥኩት አጎቴ፡፡ ‹ንግግር አይሰማበትም፣ ለዘፈን ግን ግሩም ነው› ብዬ እውነቱን ነገርኩት፤ እሱም ‹እኔ ንግግር ምን ያደርግልኛል› ብሎ ገዛኝ›› አለኝ፡፡

ጓደኛው እስከ ዛሬ ያመሰግነዋል አሉ፡፡ እኔ ደግሞ ‹‹ሸጥኩት›› ማለቱን አንዴ በስልክ፣ አንዴ በአካል አረጋግጫለሁ፡፡ ‹‹ሰጠሁት›› አላለም፡፡